የሰማህ ላልሰማህ አሰማ

ባለፈው ሰሞን የአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እናት ቤቴ መጡ። እዚሁ ዓለም ባንክ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። አከራያቸው «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይጨምሩ፣ ካልሆነ ቤቱን ይልቀቁ» ብለዋቸዋል፤ በአፍ ብቻ። «መምህር፣ ሕግ ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ያውቁት ይሆን?» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና አፈርኩ። ሕጉ መውጣቱን በዜና ሰምቻለሁ፣ አንብቤው ግን አላውቅም።

ቴሌግራም ገባሁ። ግማሹ ጫፉ የተቆረጠ ስክሪንሾት፣ ግማሹ ስድብ። በመጨረሻ ሕግ የምትማር ልጅ ጋ ደወልኩ፤ እሷም የኔው ተማሪ ነበረች። ከቤተ መጻሕፍት ነጋሪት ጋዜጣውን አውጥታ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንዴ ብቻ ይሁን ይላል። አሳትሜ ሰጠኋቸው፣ ይዘውት ሄዱ። አከራዩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ይኼ መቼ ወጣ?» አሉ አሉ።

ተንኮል አልነበረበትም፣ ከልባቸው ነው የጠየቁት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ሁለቱም አያውቁም፣ መሐል የገባሁት መምህሩም አላውቅም።

ሕጉ ግን ታውቃላችሁ ብሎ ነው የሚነሳው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 እዚያ ላይ የታተመን ሕግ ማንኛውም ሰው እንዲቀበለው ያስገድዳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ደግሞ ሕግን አለማወቅ መከላከያ አይሆንም ይላል። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ የት እናንብበው? ጥንት እኮ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ገበያ መሐል «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባል ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ጋዜጣ ሆነ። ስሙን ከከበሮው ወሰደ፣ ድምፁን ግን ያስቀረ ይመስለኛል።

ስድስት ኪሎ ያለው የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። በዚያ ዘመን የተሰበሰበው ነገር ያስቀናል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መጀመሪያ በፈረንሳይኛ በረኔ ዳቪድ እንደተረቀቀ ስንቶቻችን እናውቃለን? ትምህርት ቤቱ የሕጎቻችንን የረቂቅ ሰነዶች በመዝገብ ቤቱ ያስቀምጥ ስለነበር፣ አንድ አንቀጽ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ተመራማሪዎች ከዚያ እየጠቀሱ ጽፈዋል። ፍትሐ ነገሥትንም በ1968 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ይኸው ትምህርት ቤት ነው፤ ተርጓሚው አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው በ1972 እ.ኤ.አ. የሠሩትን ነው። እስከ 1961 ዓ.ም. መጨረሻ በሥራ ላይ የነበሩትን ሕጎች ለቅመው፣ የተሻረውን ከተሻሻለው ለይተው በአንድ ላይ አሳተሙ።

«አሁን ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፣ አልካድኩም። ግን የቱ እንደሚሠራ ማን ይነግርሃል? አንድ ጎረቤቴ ከሥራ ሲባረር ከስልኩ ላይ ሕግ አውጥቶ አሳየኝ፤ አዋጅ 377/1996 ነው። እሱ እኮ በ1156/2011 ከተተካ ቆየ! ደግሞ አንቀጹን ብቻ ማንበብም አይበቃም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፣ ውሳኔዎቹም ከ20 ቅጽ በላይ ሆነዋል። ይኼን ፈልጎ የሚያገኝ፣ የሞተውን ሕግ ካለው የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። የሕግ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ማለት ለኔ እሱ ነው፤ መጽሐፍ ጠባቂ አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኼ ነው። የብራና ፍትሐ ነገሥት በመስታወት ውስጥ ተደርጎ ለጎብኚ ሲታይ ደስ ይለኛል፣ ክብራችን ነው። ግን የኪራይ አዋጁም ወረዳው በር ላይ በመስታወት ይቀመጥ። ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ያንብበዋ! የሕግ ትምህርት ቤቶችም በዓመት አንዴ የትኞቹ አዋጆች እንደተሻሩ፣ የትኞቹ እንደተሻሻሉ አንድ ገጽ ዝርዝር ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢልኩ ምን ይከብዳቸዋል? የኛ ልጆች አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ሲወጡ የቤተሰብ ሕጉን፣ አዋጅ 213/1992ን፣ አንዴ እንኳ በእጃቸው ሳይዙት ነው። ትዳር ግን ይይዛሉ።

ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋር ተነጋግሬ በመስኮቱ በኩል አንድ መደርደሪያ ለቀውልናል። እስካሁን ያለው አንድ ሕገ መንግሥትና የኪራይ አዋጁ ኮፒ ብቻ ነው። ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የሕግ ተማሪ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ነጋሪት ጋዜጣ ወይም የሰበር ውሳኔ ቅጽ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መጥቼ እወስዳለሁ። የተሻረ ከሆነ ግን ሽፋኑ ላይ «ተሽሯል» ብላችሁ ጻፉበት።