መጀመሪያ ፍሬኑ!



ታላቅ ወንድሜ ከክረምት ጀምሮ ጓሯችን ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል እየጠገነ ነው። እኔ ደግሞ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀባይ ነኝ። መጀመሪያ ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠበ፣ ዘይቱን ለወጠ። ሞተሩ ሲነሳ የሰፈር ልጅ ሁሉ አጨበጨበ። ፍሬኑን ግን "ቆይ፣ እሱ ይደርሳል" ብሎ ተወው። ወጥቶ ሲሞክረው አልቆም አለና የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ገጨ! እሱ ክርኑ ብቻ ተላጠ። ግን እዚያው አጥር ሥር ትንሿ እህቴ ከጓደኞቿ ጋር ሱዚ ስትጫወት ቆይታ ገና መግባቷ ነበር።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ቤቱ ሞተር የሚጠግን ሰው ከፍሬን ይጀምር። ወንድሜ "ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬን ምን ያደርጋል?" ይለኛል። እኔ ግን የማይነሳ ሞተር ማንንም አይገጭም፣ የማይቆም ነው የሚገጨው እላለሁ። ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የላላ ካቴናና ጥርሱ የጠፋ ጎማ ይዞ ጋዝ መስጠት ምኑ ጉብዝና ነው?

አሁን ወንድሜ የፍሬኑን ሸራ ቀይሯል። እናንተም "ና ላፈናጥጥህ"፣ "ነይ ላፈናጥጥሽ" ስትባሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት "ፍሬኑ ይይዛል?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ፍርሃት አይደለም።



ከ7ኛ "ለ" ክፍል