አበባው አይነቀል፣ የቧንቧ ውኃም አይባክን

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

እንደሚታወቀው በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ አባላት «ለልጅ መታጠቢያ አጥተን ለሃይድራንጂያ ውኃ ማጠጣት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? ይነቀል!» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «በገዛ ግቢያችን የፈለግነውን ብንተክል ማን ይከለክለናል?» ባይ ናቸው። ነገሩ ጎረቤትን ከጎረቤት እስከ ማኮራረፍ ስለ ደረሰ እኛም ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር አስፈልጎናል።

በእኛ በኩል አበባው መነቀል የለበትም እንላለን። በጎማ የሚያጠጣው ሰው ግን ጎማውን ይጠቅልል።

ሃይድራንጂያ ውኃ ወዳድ መሆኑ አይካድም። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ቀትር ላይ ጠውልጎ ይታያል። ይህን አይቶ ወደ ቧንቧ መሮጥ ግን አያስፈልግም፤ አፈሩ በጣት ሲነካ እርጥብ ከሆነ ማታ ራሱ ቀና ይላል። ዋናው የቦታ አመራረጥ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ የቤት ወይም የዛፍ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይፈለግለት። ለበዓል የጎዘጎዝነውን ቄጠማ አውጥተን ከምንጥል ሥሩ ዙሪያ ብናነጥፈው እርጥበቱን ያቆይለታል። ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውኃም ለእሱ እናድርገው። ሳሙና ወይም ጨው ያለበት እጣቢ ግን ይጎዳዋል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ!

ችግኙንም በገንዘብ መግዛት የለብንም። አበባ ያልያዘ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹን አንስቶ፣ ጥላ ባለበት እርጥብ አፈር ላይ ቢተክሉት ሥር ያወጣል። በሰኔና በሐምሌ ከሆነ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ያጠጣዋል። የሚገረዘው አበባው እንዳለቀ ወዲያው ነው። የተለመደው ዓይነት የሚያብበው ባለፈው ጊዜ ባደገው እንጨት ላይ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የገረዘ ሰው አበባ አያይም።

ስለ ቀለሙም «ከእነሱ ቤት ሰማያዊ የነበረው እኛ ጋ ሮዝ ሆነ፤ ሌላ ዘር ሰጡን» የሚል ቅሬታ ሰምተናል። ሰጪው ምን አጠፋ? ሥራው የአፈሩ ነው። አሲድነት ባለው አፈር አሉሚኒየም የሚባለውን ማዕድን ስለሚያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። ኖራ ወይም አመድ በበዛበት ደግሞ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ስለዚህ ከሲሚንቶ ግንብ ሥር የተተከለው ሮዝ ቢሆን አይድነቀን። ነጩ ግን በአፈር ምክንያት ሰማያዊ አይሆንም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ቅጠሉም አበባውም ቢበላ መርዝነት አለው። የበዓል በግ አጠገቡ አይታሰር፤ ሕፃናትም ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት ይጠበቁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለአበባ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። እኛ የምንለው ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ያለበሰ ሰው የክረምቱን ጎርፍ ወደ ጎረቤቱ ይለቃል ነው። የአበባ መደብ ግን ቢያንስ የወደቀበትን ዝናብ ይጠጣል። ደግሞስ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ያንን ክብ አበባ ሲያይ ልቡ አይፈካም?

ስለሆነም የተከላችሁ የቧንቧውን ውኃ ለመጠጥና ለማብሰያ ተዉ፤ ለሌለው ጎረቤትም አንዳንድ ቅርንጫፍ ስጡ። ይነቀል ያላችሁም ክረምት ሲገባ አንድ ተክላችሁ ሞክሩት እንላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ