የወረሱትን መመርመር ክህደት ነውን?

ሃይማኖቱን መመርመር የጀመረ ሰው መካድም ጀምሯል የሚሉን ሰዎች በዝተዋል። እኔ ማተቤን እንዳሰርኩ እሞግታቸዋለሁ።

የምኖረው ሐረር፣ ኤረር በር ነው። እዚህ ሁሉም በጎረቤቱ ሃይማኖት ሊቅ ነው። ክርስቲያኑ የእስልምናን እንከን፣ ሙስሊሙ የክርስትናን ጉድለት ቆጥሮ አይጨርስም። «የራስህስ?» ሲሉት ግን «አባቶቻችን ያቆዩን ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ሥጋን እንውሰድ። ለሠርግ ሁለት ከብት ይታረዳል፤ አንዱ በስመ አብ፣ ሌላው ቢስሚላህ ተብሎ። ሃያ ዓመት አንድ ረከቦት ከበው ቡና የጠጡ ጎረቤታሞች ወጡ ሲቀርብ ግራና ቀኝ ይለያያሉ። ሲመሽ ከበሩ ውጪ ለጅብ የሚጣለውን ሥጋ ማን እንዳረደው ጅቡ አይጠይቅም። (ጅብን ለምስክርነት መጥራቴ አይደለም።) እኔ ግን ክርስቲያን ነኝና መጽሐፌን እጠይቃለሁ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው 1ኛ መልእክት ምዕራፍ 10 በገበያ የተሸጠውን ሥጋ ከየት መጣ ሳይሉ መብላትን ይፈቅዳል። ቁጥር 28ን የሚጠቅስልኝ አይጠፋም፤ ለጣዖት የተሠዋ መሆኑ ከተነገረህ ተወው ይላልና። ታዲያ ሙስሊም ለጣዖት ያርዳልን? ጣዖትን እንደ እስልምና የሚጠየፍ ሃይማኖት ከየት ሊመጣ ነው? በቁርኣንም ሱረቱል ማኢዳ የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ለሙስሊሙ ይፈቅዳል፤ የእሱን ክርክር ለጎረቤቴ እተዋለሁ። እኔን ሥጋውን የከለከለኝ ወንጌል ሳይሆን ማን ከማን ወገን እንደሆነ መለያ የሆነ ልማድ ነው።

ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ፈረስ መጋላ ላይ መስጊድ በነበረበት ቦታ መድኃኔ ዓለም ተሠራ። ደጁን የምሳለመው ይህን እያወቅሁ ነው። ይህን መስማት የማይችል እምነት ምን ዓይነት እምነት ነው?

የሐተታውን ዘርዓ ያዕቆብን በየስብሰባው ከዴካርት ጋር እናስተካክለዋለን። ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1920 ካሳተመ ወዲህ ደግሞ «የእኛ ነው»፣ «አይደለም» ስንባባል መቶ ዓመት አለፈን። ደራሲው ማንም ይሁን፣ የመጽሐፉ ጥያቄ ለእኔ ቀርቧል፤ ሁሉም «የእኔ ብቻ ልክ ነው» ሲል ማን ይፍረድ? ጾምንም፣ ምንኩስናንም፣ ከአንድ በላይ ማግባትንም በልቡና ሚዛን ያስቀምጣል። ፍርዱን ሁሉ አልተቀበልኩም፤ ዛሬም እጾማለሁ። ሚዛኑን ግን አልጥልም።

ጥር ላይ ሠርግ ተጠርቻለሁ። ከሁለቱም ድስት እበላለሁ። የንስሐ አባቴ ከተቆጡ ምዕራፍና ቁጥር ይጥቀሱልኝ።