ያልታየ ጆሮ

«ጆሮዬን ይበላኛል» ያለ ሰው ፋርማሲ ይሄዳል። ባለሙያው ጆሮውን ሳያይ አንድ ብልቃጥ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ያቀብለዋል። ለጥቂት ቀን ሻል ይለዋል፤ በወሩ ጆሮው ይደፈናል፣ ማሳከኩም ይብስበታል። ሁለተኛ ብልቃጥ ይገዛል። ከዚያ «የጆሮ ፈንገስ እምቢተኛ ነው፣ አይድንም» ይባላል። በዚህ አባባል አልስማማም፤ የሚያገረሽብን እኛው እየቀለብነው ነው።

የጆሮ ፈንገስን በብዛት የሚያመጡት አስፐርጊለስና ካንዲዳ ናቸው። አንቲባዮቲክ እነሱን አይነካም። እንዲያውም ቦታ እየተሻሙ የሚገቷቸውን ባክቴሪያዎች ጠራርጎ ሜዳውን ይለቅላቸዋል። ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ጠብታ ደግሞ እብጠቱንና ማሳከኩን ስለሚያበርድ የዳኑ ያስመስላል፤ የቆዳውን መከላከያ ግን ያዳክማል። «ሻል አለኝ» ተብሎ ለጎረቤት የሚነገረው ጠብታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጆሮው በመብራት ሲታይ እርጥብ ጥጥ የመሰለ ነጭ ክምችት፣ አንዳንዴም ጥቁር ነጠብጣብ ይገኝበታል። ይህ ተስቦ ካልወጣ ትክክለኛው መድኃኒት ክሎትሪማዞል እንኳ ቆዳው ጋ አይደርስም። ጽዳቱ ሊደጋገም ይችላል፤ ጠብታውም ማሳከኩ ሲቆም የሚጣል አይደለም፣ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ሳምንት ይፈልጋል። ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ደግሞ ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ጠብታ ውስጠኛውን ጆሮ ጎድቶ መስማትን ሊያሳጣ ይችላል። ሳያዩ መሸጥ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ቤታችንም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ኩክን እንደ እድፍ ቆጥረን በክብሪት እንጨት እንጭራለን። ኩክ አሲድነት ያለው፣ ውኃ የሚመክት የጆሮ ቅባት ነው! እሱን አውጥተን፣ ቆዳውን ቧጥጠን፣ ሞቅ ያለ ዘይት ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ እንጨምርበታለን። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈንገስ ግን የተቧጠጠና የረጠበ ቆዳ ይስማማዋል። ጆሮ መድረቅ አለበት፣ ሲታጠቡም ውኃ እንዳይገባው መጠበቅ ያሻል። ደጋግሞ የሚያገረሽበት ሰው የደም ስኳሩንም ይለካ።

ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት በየወረዳው አይገኝም። ጆሮን በመብራት ለማየት ግን ኦቶስኮፕ የያዘ ጤና መኮንን ይበቃል። ባለ ፋርማሲዎች፣ ነገ አንዱ «ጆሮዬን ይበላኛል» ብሎ ሲመጣ፣ ብልቃጡን ከማንሳታችሁ በፊት «ማን አየልህ?» ብላችሁ ጠይቁት።