ስም ከልኬት አይቅደም፦ ከጥንቱ ፈዝ ፔዳል የምንማረው

ፈዝ ፔዳል በኤሌክትሪክ ጊታርና በድምፅ ማጉያው መካከል የሚገባ፣ በእግር እየተረገጠ የሚሠራና የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር አነስተኛ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩትን ፈዞች አስመስሎ መሥራትና ማሻሻል ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሠሪዎች የተሰማሩበት ሙያ ሆኗል። በሙያው ውስጥ ግን ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ሠሪው ስለ ሥራው ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚጠራው በትራንዚስተሩ ላይ የታተመውን ስም እንጂ የትራንዚስተሩን ልኬት አይደለም። ይህ ልማድ መታረም አለበት እላለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በፔዳል ሠሪዎች ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን ለገበያ የቀረበውንና በጂሚ ሄንድሪክስ እጅ የታወቀውን ፈዝ ፌስ እንውሰድ። ሰርኪቱ እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ አራት ሬዚስተሮች፣ ሦስት ካፓሲተሮች፣ ሁለት መቆጣጠሪያዎችና አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ብቻ ይዟል። ከመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች መካከል ኤን ኬ ቲ 275 የሚባለው የጀርማኒየም ትራንዚስተር በሠሪዎች ዘንድ እንደ ብርቅ ዕቃ ይታያል፤ በስሙ ብቻም ከሌሎች አቻዎቹ በላቀ ዋጋ ይሸጣል።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች አንድ ስም ይዘው እንኳ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይለያሉ። ልዩነቱ በዋናነት በሁለት ነገሮች ይታያል፤ እነርሱም የማጉላት አቅምና ቤዙ ምንም ሳይሰጠው በትራንዚስተሩ ሾልኮ የሚያልፈው ከረንት ናቸው። ተራ መለኪያ ሁለቱን ሳይለይ ደምሮ ስለሚያነብ ሾላኪው ከረንት የማጉላት አቅም መስሎ ይታያል። ለመለየት የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ትራንዚስተሩን ከ9 ቮልት ባትሪና በኮሌክተሩ በኩል ከሚገባ 2.472 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር አገናኝቶ፣ ቤዙን ክፍት ትቶ በሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ማንበብ ነው። ቀጥሎ ለቤዙ በ2.2 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል 4 ማይክሮ አምፒር ያህል ሰጥቶ ዳግመኛ ማንበብ ነው። የመጀመሪያው ንባብ 0.35 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.10 ቮልት ቢሆን ልዩነቱ 0.75 ቮልት ነው፤ በመቶ ሲባዛ እውነተኛው የማጉላት አቅም 75 ይሆናል። ሾላኪውን ያልቀነሰ ሰው ግን 110 ብሎ ይመዘግባል። በጣት የተያዘ ትራንዚስተር ስለሚሞቅና ሙቀት ሾላኪውን ከረንት ስለሚጨምር ከማንበብ በፊት ጥቂት መታገሥም ያስፈልጋል።

ይህ ልዩነት በድምፁ ላይ በቀጥታ ይታያል። በፈዝ ፌስ የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከባትሪው ቮልቴጅ ግማሽ፣ ማለትም ከ4.5 ቮልት አጠገብ ሲያርፍ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ብዙ ሲርቅ የኖታው ጅራት ይቆራረጣል ወይም ድምፁ ይታፈናል። እንግዲህ አንድ ሠሪ የቀድሞውን 8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እንዳለ ገልብጦ፣ ስሙ ትክክል የሆነ ነገር ግን ብዙ የሚያሾልክ ትራንዚስተር ቢያስገባ በወረቀት ላይ ታማኝ፣ በጆሮ ግን ሐሰተኛ ቅጂ ያገኛል። ሌላው ደግሞ ስሙ የማይታወቅ ትራንዚስተር ለክቶ መርጦ፣ ያንን ሬዚስተር እስከሚስማማው ድረስ ቢለውጠው ለጥንቱ ድምፅ የቀረበ ፔዳል ይሠራል። ስለዚህ ታማኝነት የዕቃ ዝርዝርን በመድገም ሳይሆን ዕቃው የሚሠራበትን ሁኔታ በመድገም ይገኛል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው፤ ሁለት ቁጥሮችም ድምፅን ሁሉ አይገልጹም» ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። የጀርባ ሹክሹክታው፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የባትሪው ዕድሜ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የጊታሩም እንዲሁ፤ የፈዝ ፌስ መግቢያ ዝቅተኛ ተቃውሞ ስላለው ከጊታሩ ጋር እንደ አንድ ሰርኪት ይሠራል፤ የጊታሩ ድምፅ መቆጣጠሪያ ጥቂት ሲቀነስ ሸካራው ድምፅ የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ ግን ብዙ ነገር መለካት እንዳለበት ያሳያል እንጂ ወደ ስም እንድንመለስ አያደርገንም። ጆሮ ውጤቱን ይፈርዳል፤ ለሚቀጥለው ሠሪ መንገዱን የሚያሳየው ግን ልኬት ነው።

በመሆኑም ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የጥንት ፔዳል ከፍቶ የሚያሻሽል ሰው ብየዳውን ከማቅለጡ በፊት የእያንዳንዱን ትራንዚስተር ቮልቴጅ ይመዝግብ፤ ከፈታ በኋላም የማጉላት አቅሙን፣ ሾላኪ ከረንቱንና የክፍሉን ሙቀት ይጻፍ፤ የነቀለውንም ዕቃ ያስቀምጥ። የቀድሞዎቹ ፔዳሎች ቁጥር አይጨምርም፤ ሳይለካ የተቀየረ ፔዳል ሁሉ ተመልሶ የማይነበብ ሰነድ ነው። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ክፍሎቻችን ይህ ልኬት የላቦራቶሪ ልምምድ ቢሆን የሚጠይቀው ሁለት ሬዚስተር፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ መልቲሜትርና ጥቂት አሮጌ ትራንዚስተሮች ብቻ ነው። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ሆኖ ያገኘው ትራንዚስተር በእጁ ሙቀት ሲለዋወጥ ያያል።

በየመመረቂያ ጽሑፎቻችን «የአሠራር ዘዴ» በሚለው ክፍል የመሣሪያው ስምና ሞዴል ተጠቅሶ፣ በዕለቱ በምን ሁኔታ እንደነበረ ሳይጻፍ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያንን ሥራ ለመድገም የሚነሣ ሌላ ተመራማሪ ስሙን ብቻ ይዞ ከፔዳል ሠሪው ጋር በአንድ ችግር ላይ ይወድቃል። ስሙ ይጻፍ፤ ነገር ግን ልኬቱ ከጎኑ አይጥፋ።