ያልተነገረ እርግዝና፣ ያልተነገረ ራስ ምታት

በእኛ ዘንድ እርግዝና ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ አይወራም። ባል ያውቃል፤ አንዳንዴ እናትም ታውቃለች። ሌላው ሰው በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ቀሚሱ ሲጠብ አይቶ «በሽልም ያውጣሽ» ይላል። ይህ ዝምታ ምክንያት አለው። የሰው ዓይን ያርፍብኛል ብላ የምትፈራ አለች፤ ጽንሱ ቢወርድ ሐዘኗን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መካፈል የማትፈልግም አለች። ውርጃ በአብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ስለሆነ የሁለተኛዋ ጥንቃቄ ከልምድ የመጣ ነው። እኔ ግን የዚህ ዝምታ ዋጋ ከበዛ ቆይቷል እላለሁ። ሴትየዋ ሕመሟን የሚረዳላት ሰው አብዝታ የምትፈልገው በእነዚሁ ሦስት ወራት ነው፤ ዝም እንድትል የሚጠበቅባትም በእነዚሁ ወራት ነው። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ራስ ምታት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከውጭ ምንም የማይታይባት ሴት ከውስጥ ብዙ ትለወጣለች። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች በብዛት ይጨምራሉ፤ የደም ሥሮቿ ይላላሉ፤ በሰውነቷ የሚዘዋወረው የደም መጠንም ማደግ ይጀምራል። ማቅለሽለሽና ማስመለሱ ውኃዋን ያሳጣታል። ምግብ አልዋጥ ሲላት በደሟ ያለው ስኳር ዝቅ ይላል። ሌሊት ለሽንት ስትነሳ እንቅልፏ ይቆራረጣል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን የጤነኛን ሰው ራስ ለማሳመም ይበቃል፤ እሷ ላይ ግን አንድ ላይ ይመጡባታል። ከድሮም ማይግሬን ያለባት ሴት በእነዚህ ወራት ሊብስባት ይችላል። ደግነቱ ብዙዎቹ ከአራተኛው ወር ወዲህ ይቀልላቸዋል።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ቡና። «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» የማይል ቤት ጥቂት ነው፤ ሳይንሱም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ካፌይን የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምረዋል፤ እስከ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስጠላት የቡና ሽታ ነው። ትናንት አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣች ሴት ዛሬ ጀበናው ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፤ በማግስቱ ራሷ ይፈነዳል። ጎረቤት ቡና ተጠርታ «አልጠጣም» ካለች ምስጢሯ ይወጣል ብላ እየመረራት የምትጠጣም አለች። ቡናው የማያስጠላት ከሆነ በአንድ ቀን ከማቆም ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላታል፤ ከሦስተኛው ሲኒ ጀምሮ መተው፣ ቀጥሎም ማቅጠን። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ ከ200 በታች እንዲሆን ይላል። ሻይና ኮካም ካፌይን እንዳላቸው አይዘንጋ።

ከቡናው ጎን ያለው ከሰልም ሊታሰብበት ይገባል። በክረምት በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል የብዙ ቤት ልማድ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ የሚሰማው ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የእርግዝና ምልክቶችም ስለሆኑ በቀላሉ ይምታታሉ። ጋዙ ወደ ጽንሱም ያልፋል፤ ከጽንሱ ደም ለመውጣትም ከእናቲቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ቤት ውስጥ ስትሆን የሚያማት፣ ደጅ ስትወጣ የሚተዋት ራስ ምታት ካለ ከሰሉን ጠርጥሩ። እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት ጭስ ካለበት ማዕድ ቤት የሚተካት ሰው ያስፈልጋታል። ተተኪው የሚገኘው ግን መፀነሷ ሲታወቅ ነው።

ታዲያ ሕመሙን በምን ታስታግሰው? ብዙው መላ እቤት ያለ ነው። ውኃ ባንዴ አልወርድ ካላት በየጥቂት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት መጎንጨት። ሆዷ ባዶ እንዳይሆን ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ ቀን ላይ አጥሚት፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ የሆዷን አቅም እያየች በትንሽ በትንሹ። ማቅለሽለሹን ዝንጅብል ያለበት ሻይ ለብዙዎች ያቀልላቸዋል። ጨለም ባለ ክፍል ጋደም ማለት፣ ግንባር ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ፣ አንገትና ትከሻን ማሸት ይረዳል። እናቶቻችን ሲያማቸው ራሳቸውን በሻሽ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩት ያለ ነገር አይደለም፤ ለብዙ ሰው ፋታ ይሰጣል፤ ጉዳትም የለውም።

ጾምን በሚመለከት ቃሌን በአክብሮት እናገራለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የረመዳን ጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃም ጭምር ያስከለክላል። እያስመለሳት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ የምትውል ሴት ራሷ ቢያማት አይገርምም። በእስልምና ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለጽንሷ ከፈራች እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ኦርቶዶክሳዊት እናትም ጉዳዩን ለንስሐ አባቷ ብታማክር እንደ አቅሟ እንድትጾም ይመክሯታል። ሁለቱም ሃይማኖቶች በር ከፍተውላት ሳለ፣ መፀነሷን ላለመናገር ብላ ብቻ ስትጎዳ ማየት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ክኒን። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት አንድ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ግንባሯን ይዛ ትውል ነበር። አንዱ «ብርድ ነው» አላት፤ ሌላዋ ከቦርሳዋ ኢቡፕሮፌን አውጥታ «እሱን ዋጪበት፣ ፍቱን ነው» ብላ ሰጠቻት። የሰጠችው በቅንነት ነው፤ እርጉዝ መሆኗን አላወቀችም። ወጣቷም በሰው ፊት አልፈልግም ማለት ከብዷት ተቀበለች። ሁላችን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው።

ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ናፕሮክሰን ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ ማስታገሻዎች ናቸው፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀር በእርግዝና ጊዜ አይመከሩም። በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ለማይግሬን የሚሰጠው ኤርጎታሚን ደግሞ ማህፀንን ስለሚያኮማትር ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣልን ማስታገሻም ያው ነው። አድቪል የሚባለው ኢቡፕሮፌን፣ አሊቭ የሚባለው ናፕሮክሰን ነው፤ ኤክሴድሪን ውስጥ አስፕሪንና ካፌይን አሉበት። ከውጭ የመጣ መሆኑ ለእርጉዝ ተስማሚ አያደርገውም።

ለነፍሰ ጡር ራስ ምታት ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመርጡት ፓራሲታሞልን ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን በአንድ ጊዜ ከ2፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ8 ማለፍ የለበትም፤ ጉበቷን የሚያማት ወይም ክብደቷ ዝቅተኛ የሆነ ሴት ደግሞ ከዚህ ያነሰ ትወስዳለች። ደንቡ በሚበቃው መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይህን መድኃኒት ከኦቲዝም ጋር አያይዘው ሲናገሩ ብዙ እናቶች ደንግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሰሞን ግንኙነቱን የሚያረጋግጥ የማያወላዳ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በስዊድን 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ወንድማማቾችንና እኅትማማቾችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር እንዲህ ያለ ግንኙነት አላገኘም። ክኒኑ በልክ ይወሰዳል፤ ይሁንና ለሳምንታት በየቀኑ የሚዋጥ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ስለሚያመጣ፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ካስፈለገ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የጓሮ መድኃኒትም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳማከሴ አሽቶ ማሽተት የኖረ ልማድ ነው፤ ጨምቆ መጠጣት ግን ለእርጉዝ ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ነው። ጤና አዳም ማህፀን ሊያነቃቃ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ ከቡናውም ከሻዩም ቢቀር ይሻላል። መድኃኒት ቤት ስትገቢ ገና «የራስ ምታት ክኒን» ከማለትሽ በፊት «እርጉዝ ነኝ» በይ። ይህች አንዲት ቃል ባለሙያው የሚያነሳውን ክኒን ትለውጣለች።

አንዳንዱ ራስ ምታት ደግሞ እቤት የሚያስቆይ አይደለም። በድንገት እንደ መብረቅ የሚመጣ፤ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፤ ዓይን የሚያደበዝዝ ወይም ብልጭታ የሚያሳይ፤ አንድ ጎን የሚያዝል፤ ምላስ የሚያስር፤ ራስ የሚያስት ወይም የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ምንም ውኃ አልረጋ ብሏት የምታስመልስም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልጋታል። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖር ወይም ከዚያ የተመለሰች ሴት ራስ ምታትና ትኩሳት ሲይዛት «የእርግዝና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ቢሆን የሚሰጥ የወባ መድኃኒት አለ፤ ለእናትም ለጽንስም የሚከፋው ሳይታከሙ መቅረት ነው።

ዝምታው ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ቢያንስ አንድ ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙት እናቶች 74 በመቶ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ የሚሄዱት ሆዳቸው ከታየ በኋላ ነው። የደም ግፊት በእርግዝና አጋማሽ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ከድሮም ግፊት ያለባት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስተኛው ወር ብትለካ ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። በኋላ ራሷን ሲያማትና ግፊቷ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የቆየ ግፊት ይሁን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው አደገኛው የእርግዝና ግፊት ይሁን ለመለየት ሐኪሙ ይቸገራል። በስምንተኛው ሳምንት የተለካች ሴት ግን የሚመሳከር ቁጥር ካርዷ ላይ አላት። የደም ማነሷም ያኔ ይታያል፤ አይረንና ፎሊክ አሲዱም ያኔ ይጀመርላታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው።

ለአሠሪዎችም ቃል አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝናዋ ምርመራ ስትሄድ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራም ይከለክላል። ሕጉ ሆዷ እስኪታይ ጠብቁ አይልም። «ለምርመራ ልሂድ» ስትል ምስጢሯን የምትጠብቅላት ኃላፊ ብታገኝ ገና በሁለተኛው ወር ትናገር ነበር። ጉልት ላይ ፀሐይ እየመታት የምትውለዋ ቸርቻሪ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣት አለቃ እንኳ የላትም። ለእሷ ጥላውና ውኃው ከባሏ፣ ከጎረቤቷና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መምጣት አለበት።

ምስጢርሽን ለሰፈር ሁሉ አውጪ አላልኩም፤ ያ መብትሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ ቤትሽ ውስጥ ላለ ለአንድ ሰው፣ ለጤና ባለሙያ እና ክኒን ለሚሸጥልሽ ሰው ግን ንገሪ። ባሎች፣ ሚስታችሁ «ራሴን አመመኝ» ስትል ከሰሉን ደጅ አውጡላት፣ ውኃ አቅርቡላት፣ ጤና ጣቢያም አብራችኋት ሂዱ። አንቺም እህቴ፣ የወር አበባሽ ቀርቶ ራስሽን እያመመሽ ከሆነ አራተኛውን ወር አትጠብቂ፤ በዚሁ ሳምንት ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ።