ከብዙ መሮ ጥቂት ጥሩ መሮ

ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ ስለ መሮ ማውራት ምን ይባላል የሚለን አንባቢ ይኖራል። እኛ ግን መሮን የምናነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። ራሽኑ ወር ለማያደርሰው ቤተሰብ ከቶርኖ የሚወጣ የአልጋ እግር፣ የረከቦት እግር ወይም ዘነዘና የዘይትና የስኳር ገንዘብ ነው።

እዚህ ካኩማ የአናጺነት ሥልጠና ለጨረሰ ሰው የመሣሪያ ሣጥን መስጠት የተለመደ ነው። ለሚሰጡት ወገኖች ምስጋና ይግባቸው። ችግሩ ሣጥኑ በቁጥር መለካቱ ነው። መሮው በዛ ያለ ይሁን እንጂ ይቆርጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የቶርኖ መሮ እንደ አናጺ መሮ አይደለም። አናጺው የቆመ እንጨት ነው የሚመታው። ቶርኖ ላይ ግን እንጨቱ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ እየዞረ ስለቱን ይመታዋል። ተራው ብረት ጥሩ ይሳላል፤ ነገር ግን ማሽን ላይ ሲሳል ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው አለቀ ማለት ነው። ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው እስከ 500 ዲግሪ ቢግል እንኳ ጥንካሬውን አይለቅም። ዋጋው ይወደዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን መብራት ከጄኔሬተር ለሚገዛ ሰው በየአሥር ደቂቃው መሮ መሳል የከፈለበትን ሰዓት መብላት ነው። ገበያ ላይ ለመለየትም ቀላል ነው፤ መሳያው ላይ ሲነካ ተራው ብረት ነጭ፣ የሚበታተን ብልጭታ ይረጫል፣ ሃይ ስፒዱ ግን ደብዘዝ ያለ ቀይ።

አቅም ያጣ ሰው ከመኪና ባሌስትራ በደንብ ያስቀጠቀጠውን ቢይዝ አንቃወምም። አሮጌ ሞረድ ስሎ ቶርኖ ላይ መያዝ ግን ይቅር። ሞረድ ደረቅ ነው፤ ሲሰበር ስብርባሪው ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ከስለቱ ቀጥሎ እጀታው ነው። እሱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አጭር እጀታ እንጨቱ መሮውን ሲነክሰው ከእጅ ይነጥቃል። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግን ከክንድ ሥር ገብቶ ጉልበቱን ይይዛል። አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት ከሌለው ይሰነጠቃል፣ የመሮውም ጅራት ወደ መዳፍ ይመለሳል። ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ እጀታ በላብ ያንሸራትታል። ውፍረቱስ? እጀታ እንደ ጫማ ነው፣ በሌላ ሰው ልክ አይገዛም። እጇ ትንሽ የሆነች እህታችን፣ በጦርነት ጣቱን ያጣ ወንድማችን የየራሳቸው ልክ አላቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። በሣጥኑ ውስጥ እጀታ የሌላቸው ሦስት ጥሩ መሮዎች ይግቡ፦ አንድ ጎድጓዳ፣ አንድ ጫፉ ሰያፍ የሆነ፣ አንድ ቀጭን መቁረጫ። ከነሱ ጋር አንድ መሳያ ድንጋይ ይጨመር። እጀታውን ሠልጣኙ ራሱ፣ በራሱ እጅ ልክ፣ እንደ መጀመሪያ ፈተናው ይሥራው። እንጨቱም ሩቅ አይደለም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ማገዶ ብቻ ያደረግነው ማቴንጌ ጠንካራና ለእጀታ የሚስማማ እንጨት ነው። በደንብ ይድረቅ እንጂ፤ እርጥቡ ሲሟሽሽ ቀለበቱ ይላላል። ከቱርካና ጎረቤቶቻችን በስምምነት የሚገዛ ይሁን። በዛፍ ምክንያት ጠብ አንፈልግም።

ጥሩ መሣሪያ ከተሰጣቸው ይሸጡታል የሚሉ አሉ። የራበው ሰው ሊሸጥ ይችላል፣ አንክድም። የማይቆርጥ መሮ ግን ለሽያጭም ለሥራም አይሆንም፤ አልጋ ሥር ዝጎ ይቀራል። የወጣበት ገንዘብም አብሮ ይዝጋል።

መሣሪያ የሚገዙ ክፍሎች ከመግዛታቸው በፊት ከካምፑ ሁለት የቶርኖ ሠራተኞችን ይዘው ገበያ ቢወጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ተመራቂዎችም ሣጥኑን ስትቀበሉ ፈርማችሁ ብቻ አትሂዱ። ስለቱን እዩት፣ እጀታውን ጨብጡት። ካልሆናችሁ “ይህ አይሆነኝም” በሉ። እንዲህ ማለት ውለታ መርሳት አይደለም።